አንገተ ቀዩ ሹራብ

ሻለቃ አንዳርጌ ወደ ሰፈራችን የመጣው ለአንዲት እናት የልጇን ሞት ሊነግር ነው፤ አመጣጡ ግን የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው አመጣጥ ነበር። መኪናውን ከሱቄ ፊት አቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለሁለት ሰው ትከሻ እንኳ አይበቃም። ሞተሩን አላጠፋም። በመስኮቱ አንገቱን አወጣና፣

«እናት፣ የቡዜ ቤት የቱ ነው? የሠልጣኝ ያደታ እናት» አለኝ።

«አሉኝ» ማለት ነበረብኝ፤ ሰውየው ባለ ማዕረግ ነው። አልልም። እኔ ጽጌሬዳ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ስኳርና ሳሙና ስሸጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ፤ በዚህ ደጅ ብዙ ባለ ማዕረግ ሲያልፍ አይቻለሁ። «አሉ» የምለው ለሚገባው ብቻ ነው።

ከኋላ ወንበር ላይ ሱሌማን ተቀምጧል። የወሎ ሰፈር ልጅ ነው፤ ከያደታ ጋር በአንድ ቀን ተመዝግበው በአንድ መኪና ነው የሄዱት። አውቀዋለሁ፤ ያደታን ሊጠራ ሲመጣ ሁልጊዜ ከሱቄ ማስቲካ ይገዛ ነበር። ያን ቀን ቀና ብሎ አላየኝም። ሁለቱም እጆቹ በነጭ ፋሻ ተጠቅልለው ጭኑ ላይ ተጋድመዋል።

«ያደታ ምን ሆነ?» አልኩ።

«ለቤተሰብ ብቻ ነው የምንናገረው» አለ ሻለቃው። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካዛንቺስ የምሳ ቀጠሮ አለኝ፤ ቶሎ ብታሳዪኝ ጥሩ ነው።»

መርዶ ሊነግር የመጣ ሰው የምሳ ቀጠሮ አለው! ከየትኛው እናት ማህፀን እንደወጣ እንጃ። መርዶ እኮ ወግ አለው። ሰማሁ ተብሎ በር አይንኳኳም። ጎረቤት ተሰብስቦ ይመክራል፣ ማን አፍ ይሁን ተብሎ ይመረጣል፣ ሌሊቱን በሰላም ትተኛ ተብሎ ይቆያል፣ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌ ይቀድማል፣ እሷን የሚይዙ ጠንካራ ሴቶች ከኋላ ይቆማሉ። የመጨረሻዋ ደህና እንቅልፏ ናት፤ ትተኛት ነው ነገሩ። ይህን የማያውቅ አበሻ ያለ አይመስለኝም ነበር።

«ቡዜ የለችም» አልኩት። «ባምቢስ ሹራብ ልታስረክብ ሄዳለች።»

እዚያው ቆመን ከግድግዳው ማዶ የሹራብ ማሽኗ ሸርተት፣ ሸርተት ሲል ይሰማል። ሱሌማን ሰምቷል፤ ያደታን ሊጠራ ሲመጣ ሁሌም የሚቀበለው ድምፅ ነው። አላጋለጠኝም። ሻለቃው ደግሞ የራሱን ሞተር ብቻ ነው የሚሰማው።

«እድሩም ቤተሰብ ነው» ብዬ ወደ አቶ መዝገቡ ቤት ይዤው ሄድኩ። አቶ መዝገቡ የእድራችን ዳኛ ናቸው። እሳቸውን «አሉ» የምለው ለሽበታቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ደግ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ባለ ኮከብ ትከሻ ሲያዩ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ሻለቃው ከበሩ ሲገባ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ለሰላምታ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ የራሳቸውን ወንበር በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሰጡት። ሻለቃውም ተቀመጠና በቃሉ ያጠናውን ወረደው።

«ሠልጣኞቻችን የተራራ ላይ የጽናት ጉዞ እያደረጉ ሳለ ያልተጠበቀ የአየር ጠባይ አጋጠመ። በረዶ፣ ንፋስ፣ ጉም… ማለቴ ከአቅም በላይ ነበር። የተወሰኑ ጓዶች ተሰዉ። ሠልጣኝ ያደታ አንዱ ነው። መሥሪያ ቤታችን ጥልቅ ሐዘኑን ይገልጻል።»

«የቱ ተራራ ነው?» አልኩ ከበሩ ሥር ቆሜ።

«እሱ የጸጥታ ጉዳይ ነው።»

ተራራውን ጠላት ተሸክሞት እንዳይሄድ ሰግተው ይሆናል። ደግሞ «ያልተጠበቀ» ይላል። በነሐሴ፣ በተራራ ላይ፣ በረዶ ያልተጠበቀ! እዚህ ቂርቆስ እንኳ ነሐሴ ሲገባ ዶሮ ከጎጆዋ አትወጣም።

አቶ መዝገቡ አንገታቸውን ደፍተው ነፍስ ይማር አሉ። ከዚያ «አስከሬኑስ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠየቁ።

«እዚያው በክብር አርፏል። መንገዱ ለአስከሬን አይመችም።»

ልጆች ሊወጡት የተመቸ መንገድ፣ ሬሳ ሊወርድበት አልተመቸም። ይሄንን አፌ ላይ አድርሼ ዋጥኩት፤ አቶ መዝገቡ በዓይናቸው ገስጸውኛል። እሳቸው ሌላ ነገር አስጨንቋቸዋል። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ እንዴት ይለቀሳል? በእኛ ዘንድ ሬሳው ከሌለ የሟቹ ልብስ ይወጣል። ኮቱ፣ ሸሚዙ፣ ጫማው ከፎቶግራፉ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጣው ሁሉ ሟቹን እንዳገኘ ወደ ልብሱ ሄዶ ያለቅሳል፣ ከልብሱ ጋር ያወራል። ቡዜ ጋ ግን የያደታ ልብስ የለም። ድሃ ናት፤ ልጇ ሲሄድ ያለውን ሁሉ በአንድ ሳጥን ይዞ ነው የሄደው።

«እንግዲያው ልብሱን ብታመጡልን» አሉ አቶ መዝገቡ እየተሽኮረመሙ። «ለቅሶው የሚቆምበት የለውም።»

ሻለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። የሚችለውን ነገር ጠየቁት።

«ኧረ ችግር የለውም! የእያንዳንዱ ሠልጣኝ የግል ንብረት ወደ ንብረት ክፍል ገቢ ሆኖ በሥርዓት ተቀምጧል። አንዲት ካልሲ አትጎድልም። እኛ ጋ ንብረት አይጠፋም። ነገ ራሴ አመጣዋለሁ።»

አቶ መዝገቡ አመሰገኑት። እኔ ደግሞ «ልጅ ነው እንጂ የሚጠፋባችሁ» ልለው ስል ተነስቶ ወጣ። ምሳው እንዳይቀዘቅዝበት።

ስለ ያደታ አንድ ነገር ካልነገርኩ የቀረው አይገባም። ያ ልጅ ብርድ አይችልም ነበር። ሕፃን ሆኖ ሐምሌ ሲገባ የእናቱን ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ከሱቄ ደጅ ይቆማል፤ ሌሎቹ ልጆች በጎርፉ ሲቦራጨቁ እሱ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አያ ብርዱ ይሉት ነበር። ጎረምሳ ሆኖም አልተወውም። ውትድርና ልገባ ነው ሲለኝ «አንተ አያ ብርዱ፣ ጠላት ሳይሆን ውርጭ ነው የሚማርክህ» ብዬ ስቄበታለሁ። እሱም ስቋል።

ቡዜ ግን አልሳቀችም። ማሽኗ ላይ ተቀምጣ ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከመጣው ክር የተረፈውን ሰበሰበች፤ በድርብ ክር፣ እስከ ጭን የሚደርስ፣ እጀታው ጣትን የሚሸፍን ሹራብ ሠራችለት። ሰማያዊው ክር አንገቱ ጋ ሲደርስ አለቀባት። በቀይ ጨረሰችው፤ ተጣጥፎ እስከ ጆሮ የሚወጣ ቀይ አንገት። ልጁ ሊያፍርበት ነው ብዬ ነበር፤ ለብሶት መጥቶ ደጄ ላይ ዞር ዞር ብሎ አሳየኝ። «እትዬ ጽጌ፣ ከእንግዲህ ተራራም ቢሆን አልፈራም» አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በቡዜ በር ላይ ቆምን። ዝናቡ ያካፋል። ቡዜ ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን ልታደርስ በሩን ስትከፍት፣ አቶ መዝገቡን ከፊት፣ እኛን ከኋላ አየችን። እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ በር ላይ የሚቆም ጎረቤት ምን ይዞ እንደሚመጣ ሁሉም ሰው ያውቃል። እጇን ከበሩ መቀርቀሪያ ላይ አላነሳችም።

«ያደታ ነው?» አለች።

«አምላክ ያጽናሽ ልጄ» አሉ አቶ መዝገቡ።

ጩኸቷን አልጽፈውም። ይዘናት ገባን። የእድሩ ጡሩምባ ከላይኛው መንደር ሲነፋ፣ ወንዶቹ በዝናቡ ድንኳን ሲተክሉ፣ እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ ትወዛወዛለች። ድንገት አቶ መዝገቡን ቀና ብላ አየቻቸው።

«በርዶት ነበር?» አለች።

ስንት ነገር መጠየቅ ትችል ነበር። ማን ገደለው፣ የት ነው፣ ለምን፤ አንዱንም አላለችም።

አቶ መዝገቡ መርዶ ነጋሪ ሁሉ የሚያደርገውን አደረጉ። ሐዘንተኛ ካልተጽናናች ነጋሪው የተወቀሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከኪሱ ጨምሮ ያጽናናል። «ኧረ በጭራሽ!» አሉ። «ሹራብሽን ለብሶ ነው ያረፈው። ሻለቃው ራሳቸው ነግረውኛል። ያ ቀይ አንገቱን እስከ ጆሮው ስቦ፣ ሳይሰቃይ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነው የሄደው።»

ሻለቃው ስለ ሹራብ ትንፍሽ አላለም። እኔም ነበርኩ። ነገር ግን ቡዜ ያን ስትሰማ ትከሻዋ ወረደ፣ ትንፋሿ ተመለሰ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ እጁን ይዛ የምትነግረው አንድ ነገር ሆነ፦ «ሹራቤን ለብሶ ነው አሉ። አልበረደውም አሉ።» ሰው ሲሰናበት፣ ሰው ሲመጣ፣ «አልበረደውም አሉ።» ልጇን ቀብራ ያላየች ሴት፣ በእጇ የቀራት ያ ብቻ ነው። እሱን ይዛ ነው ቀጥ ብላ የተቀመጠችው።

ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረው ንፍሮ እየቆረጠሙ ሰማዩን ይረግማሉ። «ምን ያለ ክረምት ነው!» ይላል አንዱ። «የዘንድሮ በረዶ የቁጣ ነው» ይላል ሌላው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። በዚያ ቀን ሰማዩን ያልወቀሰ አልነበረም፤ ልጆቹን ወደ ሰማዩ ማን እንደላካቸው ግን የጠየቀ ወንድ አላየሁም።

ረፋዱ ላይ ሻለቃው መጣ። ሳጥኑን ያሸከመው ለሱሌማን ነው። ልጁ በፋሻ በተጠቀለሉ እጆቹ መያዝ ስላልቻለ በክንዶቹ ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ነው የገባው። ሻለቃው ከፊቱ ባዶ እጁን ይራመዳል። አቶ መዝገቡ ሮጠው ከፊት ወንበር አስቀመጡት። ድንኳኑ ያፈሳል፤ አንዲት ጠብታ ማጅራቱ ላይ ብታርፍበት «ኡፍ፣ ብርዱ!» ብሎ እጆቹን አፋተገ። አቶ መዝገቡ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው አለበሱት።

እዚህ ላይ ነው እኔ ትዕግሥቴ ያለቀው። ቡዜ ሴቶች ደግፈዋት ተነሳች፣ መጣች፣ ከፊቱ ጎንበስ አለችና ጉልበቱን ሳመች።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ» አለች። «ልጄን በብርድ አልገደላችሁብኝም። ሹራቡን ለብሶ ነው ብለው ነገሩኝ።»

የምትለውን አላወቀም፤ ግራ ገብቶት አቶ መዝገቡን አየ። አቶ መዝገቡ በዓይናቸው ለመኑት። ሻለቃውም ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ራሷን ዳበስ፣ ዳበስ አደረጋትና፣

«ግዴታችን ነው እናት» አለ።

ከኋላው የቆመው ሱሌማን ፊቱን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞረ።

ሳጥኑን እኔ ነኝ ጓዳ ውስጥ የከፈትኩት፤ ልብሱን አውጥቶ መደርደር ለእኔ ተሰጥቶ ነበር። ሻለቃው አልዋሸም፤ አንዲት ካልሲ አልጎደለችም። ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሱሪ፣ ሸራ ጫማ፣ የቂርቆስ ሥዕል። ከሁሉም በታች፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ አንገተ ቀዩ ሹራብ። ስፈታው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታው። ብል እንዳይበላው ተጠንቅቀውለታል። ሹራቡ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ እጥፋቱ እንኳ ገና አልለቀቀም።

አቶ መዝገቡን አስጠርቼ አሳየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ደብቂው!» አሉ። «አልጋው ሥር ክተቺው። ሰው ተጽናንቶ ተቀምጧል፤ ምን አገባሽ አንቺ ሴትዮ?»

ምናልባት ልክ ናቸው። እኔም አስቤበታለሁ። ቡዜ ከልጇ የተረፋት ያ ውሸት ነው፤ እሱን ከቀማኋት ምን እሰጣታለሁ? ሹራቡን በነጠላዬ ሥር ሸፍኜ ወደ ሻለቃው ሄድኩ። መጀመሪያ ከራሱ አፍ ልስማ አልኩ። ከወንበሩ ኋላ ጎንበስ ብዬ የሹራቡን ጫፍ አሳየሁት።

«ሻለቃ፣ ይሄን ለምን አልለበሰም?»

«የቱን? እ… እሱማ የግል ልብስ ነው። ከደንብ ልብስ ጋር አይለበስም።»

«በዚያ ብርድ?»

«ሌላ ጊዜ እኮ ዝም እንላቸዋለን» አለ፤ እንደሚያስረዳ መምህር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሥር ደርበው ቢለብሱ ማንም አይናገራቸውም። ያን ቀን ግን ጉብኝት ነበረ። ትልልቅ እንግዶች ከላይ ሊመጡ ነበር። አንዱ ቀይ አንገት፣ አንዱ ቢጫ አንገት ብቅ ሲል ሰልፉ ወጥ አይሆንም። ያስነውራል። ስለዚህ ሹራብ በሙሉ ገቢ ይሁን ብዬ አዘዝኩ። በቃ፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ነው።»

«እንግዶቹስ ምን አሉ?»

«አልመጡም» አለ። «ጉሙ ሲወርድ ከመንገድ ተመለሱ። በዚያ አየር ማን ይመጣል?»

ፊቱን አየሁት። አላፈረም፣ አልደነገጠም። ከአፉ የወጣውን የገዛ ጆሮው አልሰማውም። እፍኝ ንፍሮ ዘግኖ ወደ አፉ ወረወረ።

ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ይሄ ግን ባዶ ነው፤ ኮከብ የተሰፋበት ባዶ ጃኬት። ያደታን የገደለው ይሄ ነው እንጂ በረዶ አይደለም። ጉልበቱን የሳመችው ደግሞ የያደታ እናት ናት። ያንን መሳም ይዞ ዛሬም ካዛንቺስ ሊሄድበት ነው። ምሳው ላይ ሊያወራው ነው፤ «እናትየው እንዴት እንዳመሰገነችኝ!» እያለ። አይሆንም አልኩ። ውሸቱን ትያዝ ብዬ ብተወው እንኳ፣ ያንን መሳም ግን አልተውለትም።

ቡዜን ወደ ጓዳ ጠራኋት። ሴቶቹን አስወጣሁ። ሹራቡን እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

«ቡዜ፣ አልለበሰውም» አልኳት። «አቶ መዝገቡ አንቺን ለማጽናናት ነው ያሉሽ።»

የሹራቡን አንገት ዘረጋች፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰች፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከዚያ አሸተተችው። የልጇን ጠረን ፈልጋ ናፍታሊን አገኘች።

«ደረቅ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ማን አስወለቀው?»

ነገርኳት። እንግዶቹንም፣ ቀይ አንገቱንም፣ «በዚያ አየር ማን ይመጣል» ያለውንም፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር ነገርኳት። ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ። አልወደቀችም። «ታዲያ በርዶታል» አለች በቀስታ። «ልጄ በርዶታል።» ቀጥላ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ሹራቡን በሁለት እጇ እንደ መሶበ ወርቅ ዘርግታ ይዛ ወጣች።

ሐዘንተኛ ከቦታዋ ስትነሳ ሁሉም ያያል። ሻለቃው ፊት ቆመች።

«በርዶዎታል ጌታዬ» አለች።

«ኧረ ደህና ነኝ እናት፣ ትንሽ ዝናቡ ነው…»

«ይልበሱት። አዲስ ነው። ልጄ አልለበሰውም።»

ሻለቃው ሳቅ ሊል ሞከረ። «ኧረ ይቅር፣ ይሄማ የመታሰቢያ…»

«ሐዘንተኛ እናት እየለመንኩዎ ነው» አለች። ድምፅዋ አልተነሳም። «አፈር ስሆን። ብርድ ላይ የተቀመጠ ሰው ማየት አልችልም።»

ሻለቃው አቶ መዝገቡን አየ። አቶ መዝገቡ መሬቱን አዩ። ዞር ብሎ ሱሌማንን አየ፤ ሱሌማን ድንኳኑን የሚያቆመው እንጨት ይመስል ፍንክች አላለም። የሐዘንተኛ እጅ አይመለስም። በድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ንፍሮውን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ጋቢውን አወለቀ። ሹራቡን በራሱ ላይ አጠለቀው።

ለቀጭን ልጅ የተሠራ ሹራብ ነው። ጭንቅላቱ መሐል ላይ ቀረ፤ አንድ ሁለቴ ተውተረተረ፤ ፊቱ ቀልቶ በቀዩ አንገት ብቅ አለ። ደረቱ ላይ ተወጠረ፣ ሆዱ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ኮከቦቹ ከሥር ተዋጡ። ለመሳቅ የቃጣው ሰው ቢኖርም ቡዜ ጊዜ አልሰጠችውም። ክንዶቿን ዘርግታ፣ ዓይኗን ከሹራቡ ላይ ሳትነቅል፣ ሙሾዋን አወረደች።

«ብርድ የፈራው ልጄ ተራራ ላይ ባክኖ፣
ሹራቡ መጣልኝ ሻለቃን ሸፍኖ።»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ልብሱ ላይ ይቆማል፤ ልብሱ ደግሞ ያ ነው። ከበቡት። አንዷ የግራ እጀታውን፣ አንዷ የቀኙን ይዛ «ያደታዬ! አያ ብርዱ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ገና ከድንኳኑ ደጅ የደረሱ፣ ምንም ያልሰሙ የባምቢስ ባለሱቆች፣ የቡዜን ሹራብ ከሩቅ ለይተው ያውቁታልና፣ እዬዬ እያሉ በቀጥታ ወደ እሱ መጡ። ስለ ሰውየው ማንም አልጠየቀም። ከሹራቡ ጋር ነው የሚያወሩት። «አስወልቀው ላኩህ ወይ?» ትላለች ቡዜ። «አንገትህ አስቀየማቸው ወይ? እንግዳ ሊመጣ ነው ብለው ራቁትህን ላኩህ ወይ?» ሙሾው እየዞረ፣ ከአፍ ወደ አፍ እየተቀባበለ፣ ወንዶቹ ወንበር ድረስ ደረሰ። አንድ በአንድ ንፍሮ መቆርጠም አቆሙ። ሰማዩን መርገምም አቆሙ። ሁሉም እሱን ማየት ጀመሩ።

ሻለቃው ሊነሳ ሞከረ፤ አንዲት አሮጊት ጉልበቱ ላይ ተደፍታ ታለቅሳለች። ላብ ከግንባሩ ወደ ቀዩ አንገት ይወርዳል። ሹራቡን ከታች ይዞ ወደ ላይ ሳበ፤ ሹራቡ ግን ብብቱ ሥር ተሰንቅሮ አልወጣም አለ። የቡዜ ድርብ ክር አይቀደድም። አንገቱን ወደ ኋላ አጠማዘዘና በሹክሹክታ፣

«ሱሌማን! ና አውልቅልኝ» አለ።

ሱሌማን አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። በፋሻ የተጠቀለሉትን ሁለት እጆቹን ወደ ሻለቃው ፊት አቀረበና ለሁሉም እስኪታይ ድረስ ከፍ አደረጋቸው።

«ጣቶቼ አይታጠፉም፣ ሻለቃ» አለ።

ከዚያ ከወሎ ሰፈር የመጡ ለቀስተኞች ከድንኳኑ በር ላይ ድምፃቸውን አሰሙ፤ ሴቶቹም ወደ ሹራቡ መንገድ ለቀቁላቸው።